አንድ ጆንያ አሮጌ ቦርድ፣ አሲድና አጓት፦ ጎንደር ላይ ይሠራል ወይ?

የአራዳው ጠጋኝ
ማክሰኞ፣ ማታ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ። አራዳ ገበያ አጠገብ ሞባይል እጠግናለሁ። 9 ዓመት ሆነኝ። አልነሣ ያለ ስልክ ባለቤቱ ትቶልኝ ሲሄድ ቦርዱን፣ ማለትም ቺፖቹ የተደረደሩበትን የውስጥ ሰሌዳ፣ ጥዬው አላውቅም። ጆንያ ውስጥ እየወረወርኩ ኖርኩ። አሁን ጆንያው ሞልቶ እግሬን የማስገባበት አሳጣኝ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው መጣና በኪሎ ልግዛህ አለኝ። ምን ታደርገዋለህ ስለው፣ አሲድ ውስጥ ነክረን ወርቁን እናወጣለን፣ የቀረውን እናቃጥለዋለን አለ። የት ነው የምትሠሩት ብለው ወንዝ ዳር አለኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ምክንያቴን ልንገራችሁ። ከ4 ዓመት በፊት አብሮኝ ይሠራ የነበረ ልጅ ዩቲዩብ አይቶ ከሱቁ ጓሮ ይህንኑ ሞክሮ ነበር። እኔ ዕቃ ልገዛ ወጥቼ ነበር። ስመለስ የፕላስቲክ ባልዲው ላይ ቡናማ ጭስ ተጋድሟል፣ ልጁ ባፍንጫው ላይ ጋቢውን ይዞ በእንጨት ያማስላል። ጎትቼ አወጣሁት። ደህና ነኝ ብሎ እራቱን በልቶ ተኛ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ትንፋሹ አጥሮ በባጃጅ ሐኪም ቤት አደረስነው። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈ። ግን ዛሬም ዳገት ሲወጣ መሀል ላይ ይቆማል። የጎንደርን ዳገት ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ ጆንያውን አልሸጥኩም። ግን ምን ላድርገው? ስዊዘርላንድ ውስጥ በአጓት ወርቅ ከቦርድ አወጡ የሚል ነገር አነበብኩ። አጓት! አይብ ሲወጣ የሚቀረው ውሃ። እኛ ቤት ለጥጃ ነው የሚሰጠው። ሁለት ጓደኞቼ በዚህ ስታርትአፕ እንጀምር እያሉኝ ነው። ኬሚስትሪ የተማራችሁ ካላችሁ ሳትደብቁ ንገሩኝ። ይሠራል ወይስ ወሬ ነው?

የአዘዞ ልጅ
ማክሰኞ፣ ማታ 2:58

ወንድሜ ለዚያ ሰውዬ እንዳትሸጥለት። ወንዝ ዳር ማለት ቀሃ ነው ወይ አንገረብ ነው። የአንገረብ ግድብ ውሃ ደግሞ ጎንደር የምትጠጣው ነው። እኔም አዘዞ 2 ካርቶን የቻርጀርና የቲቪ ቦርድ አለኝ፣ ምን እንደማደርገው ስላላወቅሁ ተቀምጧል።

የማራኪው መምህር
ማክሰኞ፣ ማታ 4:10

ስለ ልጁ አዘንኩ። ያ ቡናማ ጭስ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይባላል። ናይትሪክ አሲድ መዳብ ሲያገኝ የሚወጣው እሱ ነው። ክፋቱ ወዲያው አይጥልም። ሰውየው ደህና ነኝ ብሎ ይሄዳል፣ ከሰዓታት በኋላ ሳንባው ውሃ ይቋጥራል። ልጁ ሌሊት የታመመው ለዚህ ነው። ይህን ጭስ የሳበ ሰው ባያስለውም በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ይህን በየጥገና ሱቁ ብትነግሩልኝ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ አጓቱ። ወሬ አይደለም፣ እውነት ነው። ዙሪክ የሚገኘው ኢቲኤች ዩኒቨርሲቲ የፕሮፌሰር ራፋኤሌ ሜዜንጋ ቡድን ነው የሠራው፣ እ.ኤ.አ. 2024 ይፋ አደረጉት። የአጓቱን ፕሮቲን አሲድ ጨምረው በኃይለኛ ሙቀት ያፈሉታል። ፕሮቲኑ ይፈታና እንደ ጥጥ ቀጫጭን ክር ሆኖ ይያያዛል። ያንን ሲያደርቁት ስፖንጅ ይሆናል። ከ20 የኮምፒውተር ማዘር ቦርድ ያገኙት 450 ሚሊ ግራም የሆነች እንክብል ናት፣ 91 በመቶው ወርቅ፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ። በወርቅ ሠሪ ቋንቋ 22 ካራት መሆኑ ነው። ለግብዓትና ለኃይል ያወጡት ወጪም ከወርቁ ዋጋ 50 ጊዜ ያነሰ ነው ብለዋል።

ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በል። ዜናው ላይ ብዙ ሰው የሚዘለው ቦታ ይኼ ነው። ስፖንጁ ወርቁን ከቦርዱ አያወጣውም። መጀመሪያ ብረቱ ሁሉ አሲድ ውስጥ ሟሙቷል። ስፖንጁ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፣ ከተሟሟው ውስጥ ወርቁን መርጦ ይይዛል። ስለዚህ አጓት አሲዱን አይተካም። አሲዱ ባለበት ነው። እነሱ ጋ ጭሱን የሚስብ ማሽን፣ ጓንት፣ የሠለጠነ ሰው አለ። አንተ ጓሮ ያለው ባልዲ ነው።

ሌላም አለ። የኛ የአይብ አጓት ስስ ነው። ፕሮቲኑ 1 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ነው። አይቡ ሲወጣ አሬራው ስለሚሞቅ የተወሰነው ፕሮቲን ከአይቡ ጋር ይቀራል። እነሱ የተጠቀሙት ተለይቶ የተዘጋጀ ፕሮቲን ነው። በኛ አጓት አይቻልም አላልኩም። መሞከር ያለበት ግን ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው።

የአራዳው ጠጋኝ
ማክሰኞ፣ ማታ 4:31

ጋሼ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ተስፋ ቆረጥኩ። አጓቱ አሲዱን የሚያስቀር መስሎኝ ነበር። ታዲያ አሲድ ሳይነካ የሚሟሟበት መንገድ በዓለም ላይ የለም ማለት ነው?

ላብ ኮት
ረቡዕ፣ ጠዋት 1:20

አለ እንጂ! ኬሚስትሪ ማስተርሴን እየሠራሁ ነው፣ እኔን ሌሊት የሚያስነብበኝም ይኸው ጉዳይ ነው።

ዩሪያ ታውቃለህ አይደል፣ ማዳበሪያው። ኮሊን ክሎራይድ የሚባል ጨው ደግሞ አለ፣ የዶሮ መኖ ውስጥ ይጨመራል። ሁለቱም ነጭ ጠጣር ናቸው። ዩሪያ ለብቻው የሚቀልጠው 133 ዲግሪ ላይ ነው፣ ኮሊን ክሎራይዱ ደግሞ ከ300 ዲግሪ በላይ። በሞለኪውል ቁጥር (በኪሎ ሳይሆን) አንድ እጅ ኮሊን ክሎራይድ ከሁለት እጅ ዩሪያ ጋር ስታደርጋቸው ግን ድብልቁ 12 ዲግሪ ላይ ፈሳሽ ነው። ጎንደር ቀን ላይ ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጠው ዘይት መስሎ ይቆያል። መጀመሪያ ሳየው ደጋግሜ ብልቃጡን አዘንብዬ አየሁት፣ ሁለት ደረቅ ዱቄት እንዲህ ሲሆን ማየት በጣም ይገርማል። እንግሊዝ አገር ሌስተር ዩኒቨርሲቲ እነ አንድሩ አቦት ናቸው እ.ኤ.አ. 2003 ያሳተሙት።

በዚህ ዓይነት ፈሳሽ ላይ ትንሽ አዮዲን ሲጨመር ወርቅም መዳብም ይሟሟል። ቡናማ ጭስ የለም። ፈሳሹ ቶሎ አይተንም፣ ከተሠራበት በኋላም መልሶ መጠቀም ይቻላል። ዴስሳይክል የሚባል የእንግሊዝ ስታርትአፕ ሥራውን የመሠረተው በዚህ ኬሚስትሪ ላይ ነው።

ሌሎችም አሉ። ሚንት ኢኖቬሽን እ.ኤ.አ. 2016 ኒውዚላንድ ውስጥ የተጀመረ ነው፣ እነሱ ከተሟሟው ውስጥ ወርቁን የሚለቅሙት በረቂቅ ሕዋሳት ነው። ኤክሲር የካናዳ ነው። የእንግሊዙ የመንግሥት ሳንቲም ማተሚያ፣ ሮያል ሚንት፣ የነሱን ኬሚስትሪ ወስዶ ዌልስ ውስጥ ፋብሪካ ከፍቶበታል፣ እ.ኤ.አ. 2024። በዓመት 4,000 ቶን ቦርድ እንዲቀበል ነው የተሠራው። ወርቁ በተራ የክፍል ሙቀት ላይ በሰከንዶች ውስጥ ይለቃል ይላሉ።

ግን የማራኪው መምህር ያሉትን እኔም እደግማለሁ። ጭስ የለውም ማለት ምንም አያደርግም ማለት አይደለም። ቦርዱ የተነከረበት ፈሳሽ ውስጥ መዳብ፣ እርሳስና ኒኬል አለ። ቱቦ ውስጥ ከደፋኸው አሲድ ከደፋው ሰውዬ አትለይም።

ሒሳብ አዋቂ
ረቡዕ፣ ጠዋት 3:05

ጓደኞቼ፣ ስለ ገንዘቡም እናውራ። ሰው ስታርትአፕ ብሎ ሥራ ለቆ እንዳይወጣ ነው ይህን የምጽፈው።

አንድ ስልክ ውስጥ ያለው ወርቅ በአማካይ 0.03 ግራም ገደማ ነው። ጠጋኙ ስንት ቦርድ አለህ? 400 ነው እንበል። ሁሉም ወርቅ ሳይባክን ቢወጣ 12 ግራም። ግን ሁሉም አይወጣም፣ አሮጌዎቹ ባለ በተን ስልኮች ደግሞ ከዚያ ያነሰ ሊኖራቸው ይችላል። 9 ዓመት የተሰበሰበ ጆንያ በጥቂት ቀን ያልቃል። ከዚያ ባዶ ገንዳ ይዞ መቀመጥ ነው።

እኔ የምመክረው ከመሰብሰቡ መጀመር ነው። ጎንደር ስንት የጥገና ሱቅ አለ? አራዳ፣ ፒያሳ፣ አውቶቡስ ተራ፣ ማራኪ፣ አዘዞ። እያንዳንዱ ጋ እንዳንተ ያለ ጆንያ አለ። ልዋጮቹም ቤት ለቤት ዞረው አሮጌ ዕቃ ይሰበስባሉ። ቦርድ ለይታችሁ አምጡልን፣ አታቃጥሉ፣ ይህን ያህል እንከፍላለን ብትሏቸው ያመጣሉ። ኬሚስትሪው ያኔ ይደርሳል።

የአራዳው ጠጋኝ
ረቡዕ፣ ቀን 6:15

ሒሳቡ ልክ ነው። እኔም አንድ ልጨምር። ከቦርዱ ላይ ወርቅ ሳይወጣም የሚሸጥ ነገር አለ። ቻርጂንግ አይሲ፣ ፓወር አይሲ (አይሲ የምንለው ቺፑን ነው)፣ ሲም መያዣ፣ ኮኔክተር። ደህናውን በብሎወር፣ ማለትም በሞቃት አየር መንፊያ፣ ነቅዬ አስቀምጣለሁ፣ ደንበኛ ሲመጣ አዲስ ከማዘዝ እሱን እገጥማለሁ። ከአዲስ አበባ ዕቃ እስኪመጣ ስንት ቀን እንደሚፈጅ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ዛሬ ጠዋት አንድ ቦርድ ላይ ሰዓት ይዤ ነበር። 6 የሚሠሩ ዕቃዎችን ለመንቀል 25 ደቂቃ ፈጀብኝ። የአንዱ አይሲ ዋጋ ብቻውን ሰውየው ለ2 ኪሎ ቦርድ ሊከፍለኝ ካሰበው ይበልጣል።

ጥያቄ አለኝ ደግሞ። ፋብሪካ የበየደውን ስነቅል ብሎወሩ በጣም ይዘገያል። እኔ ራሴ ድሮ የበየድኩትን ስነቅል ግን ወዲያው ይለቃል። ለምንድን ነው?

ላብ ኮት
ረቡዕ፣ ቀን 6:40

አንተ የምትጠቀምበት ሊድ የምትሉት ሽቦ 63 በመቶ ቆርቆሮ 37 በመቶ እርሳስ ነው። እሱ 183 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ፋብሪካው የሚጠቀመው እርሳስ የሌለበት ነው፣ ቆርቆሮ ከትንሽ ብርና መዳብ ጋር፣ ከ217 ዲግሪ ጀምሮ ነው የሚቀልጠው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2006 ጀምሮ እርሳስን፣ ሜርኩሪንና ካድሚየምን ከአብዛኛው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ስለከለከለ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ሁሉ ለወጡ። ቆርቆሮ ቢስሙዝ ከሚባል ብረት ጋር የተቀላቀለም አለ፣ 138 ዲግሪ ላይ ይለቃል። ዕቃ ለመንቀል እሱ ቢገኝልህ ቺፑ ብዙ ሳይሞቅ ይወጣልሃል።

ነርስ ነኝ
ረቡዕ፣ ማታ 1:30

እርሳስ ስላነሣችሁ ልግባ። እኔ ኬሚስት አይደለሁም። ግን ወንድሜ ጠጋኝ ነው፣ ምሳውን ሱቁ ድረስ የማደርስለት እኔ ነበርኩ። ሽቦውን በጣቱ ይዞ ይበይዳል፣ ከዚያ በዚያው እጁ እንጀራ ይቆርሳል። እርሳሱ ብዙውን ጊዜ የሚገባው በዚህ ነው። በብየዳ ሙቀት እርሳሱ እምብዛም አይተንም፣ የሚጨሰው ፍላክሱ፣ ብየዳው እንዲይዝ የሚረዳው ሙጫ፣ ነው፣ እሱ ደግሞ አስም ያመጣል። ስለዚህ ሁለት ነገር። አንደኛ መስኮት ክፈቱ፣ ትንሽ ማራገቢያ ጭሱን ከፊታችሁ ወደ ውጭ እንድትወስድ አድርጉ። ሁለተኛ ከምሳ በፊት እጅ በሳሙና። በውሃ ብቻ አይደለም፣ በሳሙና። ሱቅ ውስጥ ሕፃን ልጅ ይዛችሁ የምትውሉ ደግሞ እባካችሁ ተዉ። እርሳስ የልጅን አእምሮ ነው የሚጎዳው፣ የተጎዳው ደግሞ አይመለስም።

የአራዳው ጠጋኝ
ረቡዕ፣ ማታ 1:52

እህቴ የኔንም እጅ ያየሽው መሰለኝ። ነገ ጄሪካንና ሳሙና ሱቁ በር ላይ አስቀምጣለሁ።

የደምቢያ ልጅ
ሐሙስ፣ ጠዋት 2:10

እኔ ደግሞ ቦርዱ ራሱ ከምን እንደሚሠራ ሳነብ የኛን ሰብል አገኘሁበት። ተልባ!

ጂቫ ማቴሪያልስ የሚባል የእንግሊዝ ስታርትአፕ ሶሉቦርድ የሚባል ቦርድ ሠርቷል። የተለመደው አረንጓዴ ቦርድ የመስታወት ክር በኢፖክሲ ሙጫ ተጣብቆ ነው፣ እሳት እንዳይዘው ብሮሚን ያለበት ነገር ይጨመርበታል። እነዚህ ግን የመስታወቱን ክር ትተው የተልባ ቃጫ አደረጉ፣ ሙጫውም ውሃ የሚያሟሟው ነው። ወደ 90 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ውስጥ ሲገባ ቦርዱ ይገነጣጠላል። ቃጫው ለብቻ፣ ላዩ ላይ ያለው ቺፕ ለብቻ። ኢንፊኒየን የተባለው የጀርመን ቺፕ ሠሪ እ.ኤ.አ. 2023 ለማሳያ ቦርዶቹ እንደሚጠቀምበት አስታውቋል።

እኛ ጋ ተልባ ፍሬው ለፍትፍትና ለመጠጥ ይወሰዳል፣ ግንዱ አውድማ ላይ ይቀራል። ከዚህ ቃጫ አይወጣም? አባቴን በስልክ ስጠይቀው፣ ልጄ እሱ እኮ በእጅ ሲነቀል ጣት ይቆርጣል፣ ጠንካራ ነው አለኝ።

የማራኪው መምህር
ሐሙስ፣ ጠዋት 4:00

አባትህ ልክ ናቸው፣ የተልባ ቃጫ ጠንካራ ነው። የበፍታ ልብስ የሚሠራው ከሱ ነው። ግን ለፍሬ የሚዘራውና ለቃጫ የሚዘራው ዝርያ ይለያያል። የቃጫው ረጅምና ቅርንጫፍ የሌለው ነው፣ ጥቅጥቅ ተደርጎ ይዘራል። የኛ አጭርና ቅርንጫፋም ነው፣ ለፍሬ የተመረጠ ስለሆነ። ከሱም ቃጫ ይወጣል፣ አጫጭር ይሆናል እንጂ። አጭር ቃጫ ለቦርድ ይሆናል አይሆንም የሚለው ለተመራቂ ተማሪ ጥሩ የጥናት ርዕስ ነው። እኔ አማካሪ ለመሆን ፈቃደኛ ነኝ።

ስለ ብሮሚኑ ያነሣኸውን ሰው ሁሉ እንዲያነብልኝ እፈልጋለሁ። ቦርድ ሲቃጠል ከብሮሚኑ ዲኦክሲን የሚባል መርዝ ይፈጠራል። እሳቱ ሲጠፋ አይጠፋም። ሣሩ ላይ ይወርዳል፣ ላሟ ትግጠዋለች፣ ስቡ ውስጥ ተከማችቶ በወተቷ ወደ ቤታችን ይመለሳል። አሲዱ ደግሞ የወንዙን መንገድ ይከተላል። ከጎንደር የሚወርደው ውሃ መገጭ ይገባል፣ መገጭ ጣና ይገባል። መዳብ ለዓሣ በጣም ትንሹም ይበዛበታል። ጣና ውስጥ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። ወንዝ ዳር አለኝ ስትል የተሰማኝ ይኼ ነው።

የአዘዞ ልጅ
ሐሙስ፣ ቀን 7:20

አንቱ መምህር፣ ሕግ የለም ወይ? ማንም ተነሥቶ አሲድ ይደፋል?

ሒሳብ አዋቂ
ሐሙስ፣ ቀን 8:05

አለ። የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ደንብ ቁጥር 425/2010 ይባላል፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጣው ነው። ለመሥራት ያሰባችሁ ሰዎች መጀመሪያ እሱን አንብቡ፣ ከዚያ አካባቢ ጥበቃ ሄዳችሁ ለመሰብሰብና ለመፍታት ምን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ጠይቁ። ወረቀት ያለው ሰው ዩኒቨርሲቲም በር ይከፍትለታል፣ ባንክም ያናግረዋል። በዓለም ላይም ቢሆን ሥራው ገና ብዙ ይቀረዋል። እ.ኤ.አ. 2022 በዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ወጥቷል፣ በወጉ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው።

የቀሃ እናት
ሐሙስ፣ ማታ 2:25

ልጆቼ፣ ልጄ አንብባልኝ ነው የምጽፈው። እኔ አይብና ቅቤ እሸጣለሁ። ለሙከራ አጓት ካስፈለጋችሁ በየሳምንቱ 10 ሊትር በነፃ እሰጣለሁ። አሬራውን ሳላሞቀው በፊትም ትንሽ ላስቀርላችሁ እችላለሁ፣ መምህሩ ሙቀቱ ይጎዳዋል ካሉ። ያ በጭሱ የታመመው ልጅ እንዴት ነው አሁን?

ላብ ኮት
ሐሙስ፣ ማታ 2:40

እማማ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ያልሞቀውን አሬራ እፈልገዋለሁ። መምህር፣ በቦርድ አልጀምርም። በመጠኑ የታወቀ የመዳብ ጨው ውሃ ውስጥ አሟሙቼ ስፖንጁ ስንቱን እንደሚይዝ እለካለሁ። አሲድና ወርቅ ሳንነካ የኛ አጓት ስፖንጅ ይሆናል አይሆንም የሚለውን እናውቃለን። ከተሳካ ሌላ ጥቅምም ሊኖረው ይችላል፣ የብረት ፍሳሽ ያለበትን ውሃ ከመደፋቱ በፊት ለማጣራት።

የማራኪው መምህር
ሐሙስ፣ ማታ 3:15

ጥሩ አስበሻል። እንዲያውም ከወርቁ ይልቅ እኔን የሚያጓጓኝ ውሃ ማጣሪያው ነው። ሰኞ ቢሮዬ ነይ።

የአራዳው ጠጋኝ
ቅዳሜ፣ ማታ 1:10

ዛሬ ጃንተከል ዋርካ ሥር ተገናኘን። እኔ፣ የአዘዞው ልጅ፣ ሒሳብ አዋቂው፣ ከፒያሳና ከአውቶቡስ ተራ ደግሞ ሌሎች 3 ጠጋኞች። ከዚያ ሱቄ ገብተን ጆንያውን ዘረገፍነው።

11 ኪሎ ከ400 ግራም ሆነ። ባትሪ ያልወጣላቸው 23 ስልኮች ነበሩበት፣ እኔ ራሴ አላወቅሁም ነበር። 5ቱ ባትሪ አብጧል። ያበጠ ባትሪ ከተበሳ እሳት ነው፣ ጭሱም መርዝ ነው። ሳንነካካ አንድ በአንድ ደረቅ አሸዋ ባለበት የብረት ጣሳ አድርገን ከሱቁ ውጭ ጥላ ቦታ አስቀመጥን። ሌላውን በ3 ከፈልነው። ዕቃው የሚሠራ፣ ዕቃው ያለቀ፣ ቦርድ ያልሆነ ፕላስቲክና ብረት። ማታ ድረስ ከመጀመሪያው ክምር 41 የሚሠራ አይሲ ነቀልን። በሚሸጠው ገንዘብ ሚዛንና ክዳን ያላቸው 4 በርሜሎች እንገዛለን፣ ለ4ቱ ሱቆች አንድ አንድ። አራታችንም ጠጋኞች ቦርድ ላለማቃጠልና ለአሲድ ሰው ላለመሸጥ ተስማማን። ሰኞ ስለ ፈቃዱ ልንጠይቅ እንሄዳለን።

እማማ፣ ስለ ልጁ ጠይቀውኝ ነበር። ዛሬ መጥቶ ነበር። መለየቱን አብሮን ሲሠራ ዋለ። ከሁላችን ቀድሞ ደግሞ ያንን መስኮት የከፈተው እሱ ነው።